መንገድና እግረኛ በየጁ ከተሞች፤ የወልድያና የመርሳ አሰፋፈር በታሪክ ሲታይ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ወሎ በወልድያ ከተማና የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ የሕዝቡ አሰፋፈር ከመንገዱ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ለመመርመር የቀረበ ነው። ስለ ከተማ ፕላን የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ አዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ስላሉት ታላላቅ ከተሞች ስለ ሆነ፣ አንድ አስፋልትና በግራ ቀኙ የተደረደሩ ቤቶች ያሏት ትንሽ ከተማ ለጥናት ምን ትሆናለች የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ለሚል መልሴ አጭር ነው። የገጠሩ ሰው ከተሜ መሆን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሲገባ ሳይሆን እንደ መርሳ ባለችው ከተማ ዳር አንዲት ክፍል ቤት ሲሠራ ወይም ሲከራይ ነው። እዚያ ኑሮው ከተመቸው ይቆያል፤ ካልተመቸው መንገዱን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ናቸው፤ የአውሮፓ ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። ከተማ ማለት በጥንቱ አነጋገር ንጉሡ ወይም መስፍኑ ከነሠራዊቱ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ቦታ ነበር። ሰፈር የሚለውም ሰፈረ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የጌታው ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ መኳንንቱ በቀኝና በግራ፣ በፊትና በኋላ በየማዕርጋቸው ይሰፍራሉ፤ ጭፍራውም የየራሱን አለቃ ከቦ ያድራል። አዲስ አበባ በዚሁ ልማድ ስለ ተሰፈረች እስከ ዛሬ ድረስ የራስና የደጃዝማች ስም የያዙ ሰፈሮች አሉባት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ይህ አሰፋፈር የተለካው በእግርና በጆሮ ነው። ነጋሪት ሲመታ መሰማት አለበት፤ የተጠራ ሰው ሳይዘገይ መድረስ አለበት። መሐንዲስና ካርታ ባይኖርም ልክ ነበረው ማለት ነው፤ ልኩም የሰው ልጅ እርምጃ ነበር።

የየጁ ጌቶች በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም እንደራሴ ሆነው፣ የኋላ ኋላም ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ. ም. በአይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ እስከ ተሸነፉበት ጊዜ ድረስ ገዝተዋል። ትልቁ ታሪካቸው የተሠራው ከአገራቸው ውጭ ስለ ሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች የጁን እንደ መነሻ ብቻ ቆጥረው ያልፏታል። በበኩሌ ይህ ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም አገሩ ራሱ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። በስተ ምዕራብ የላስታና የደላንታ ደጋ ቆሞአል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። የደጋው ገብስና የበግ ጠጉር፣ የቆላው ማሽላ፣ ጨውና ግመል የሚገናኙት በመካከሉ ባለው ወይና ደጋ ነው። ገበያዎቹ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ የምትገኘው ሐራ ገበያም ይህንኑ በስሟ ትመሰክራለች። የገጠር ገበያ ቦታው የሚመረጠው አህያ የጫነ ሰው ሲነጋ ተነሥቶ ሸጦና ገዝቶ ሳይመሽ ቤቱ ለመመለስ እንዲችል ሆኖ ነው። በተለያየ ቀን የሚውሉትም አንዱ የሌላውን ገበያተኛ እንዳይሻማ ነው። ይህን ያህል የታሰበበት ሥርዓት ፕላን አይባልም ማለት ያስቸግራል።

ወልድያ በዚህ ዓይነት የቆመች ከተማ ናት። በተራሮች መካከል፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ቦታ ላይ ስለ ሆነች፣ አሮጌዎቹ መንደሮቿ የተያያዙት ቀጥ ባለ ጎዳና ሳይሆን በጠባብ መተላለፊያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ገበያውና የዳኛው ደጅ አንዱ ከሌላው በእግር የሚደረስ ነው። መተላለፊያው በክረምት ያዳልጣል፤ ሸክም ለያዘች ሴት ዳገቱ ከባድ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን በመተላለፊያው ውስጥ እግረኛውን የሚገፋው ሌላ ነገር የለም። ሰው ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሕፃን በደጅ ይጫወታል፤ አንዲት እናት ቡና ስታፈላ ጎረቤቷን ለመጥራት ድምፅዋ ብቻ ይበቃታል።

ይህ ሁሉ የተለወጠው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። የኢጣልያ ጦር በመጋቢት 1928 ዓ. ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ በቆቦና በወልድያ በኩል ወደ ደሴ ወረደ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ካሚዮኖቹን ለማሳለፍ ሲል ከአሥመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና አበጀ። መንገዱ የተሠራው ለጦርና ለስንቅ እንጂ ለገበያተኛ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ጠላት ከወጣ በኋላ መንገዱ ቀረ። በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ የጠላት መንገድም የአገር መንገድ ሆነ። ከ1967 ዓ. ም. በኋላ ደግሞ በቻይና መንግሥት ርዳታ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል እስከ ወረታ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ፤ ወልድያም የሁለት መንገድ መገናኛ ሆነች። በከተማዪቱ ጎንደር በር የሚባል ሰፈር አለ፤ ሰውን ስለ አቅጣጫ ማስተማር የማያስፈልገው ስም ነው።

አሁን ወደ መርሳ ልመለስ። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወረድ፣ ሲሪንቃ ካለፈ በኋላ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምማርበት ጊዜ የጂኦግራፊ መምህራችን እያንዳንዳችን የተወለድንበትን ከተማ በወረቀት ላይ እንድንሥል አዘዙን። ከደሴና ከጎንደር የመጡት ልጆች አደባባይ፣ አጥርና የተጠማዘዘ ጎዳና ሣሉ። እኔ አንድ ረጅም መስመር አሠመርሁ፤ በግራና በቀኙ ትናንሽ ሣጥኖች ደረደርሁ፤ ጨረስሁም። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሳልሣል እንደ ቀረሁ ቈጥሬ አፈርሁ። ዛሬ ግን ያ ሥዕል ትክክል እንደ ነበረ አውቃለሁ። የሀብሩ መንገድ ዳር ከተሞች፣ መርሳም ከእርሷ በታች ያለችው ውርጌሳም፣ በቅርጻቸው መስመር ናቸው። ከፊት ለፊት ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ምግብ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ፣ ከዚያ ወዲያ የሽንኩርትና የማሽላ እርሻ። ከከተማ ወደ ገጠር ለመውጣት ጥቂት እርምጃ ይበቃል፤ ከከተማዪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ግን አስፋልቱን ተከትሎ ረጅም መንገድ መራመድ ያስፈልጋል።

እንዲህ የሆነው ሕዝቡ ፕላን ስላላወቀ አይደለም። መንገዱ ላይ መስፈር ጥቅም ነበረው። አውቶቡስ የሚቆመው፣ ጋዜጣና ወሬ የሚደርሰው፣ ነጋዴ እህል የሚጭነው እዚያ ነው። በክፉ ቀን ደግሞ ነገሩ ከጥቅም በላይ ሆነ። በ1965 ዓ. ም. በወሎ ረኃብ በጠና ጊዜ ገበሬው ከየተራራው ወርዶ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ተሰበሰበ፤ የሚያልፈውንም መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለተማሪው ማሳየታቸው በዚህ ግቢ ታሪክ ውስጥ የሚታወስ ነው። የርዳታ መጠለያዎቹም የተተከሉት እንደ ኮረምና ወልድያ ባሉት የመንገድ ዳር ከተሞች ነበር። እርዳታ የሚመጣው በመንገድ ነው፤ ስለዚህ ነፍሱን ለማዳን የሚፈልግ ሰው ወደ መንገድ ይጠጋል። በነሐሴ 2013 ዓ. ም. የትግራይ ኃይሎች ወልድያን ሲይዙና እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ሲቆዩ፣ ብዙ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ የሸሸው በዚሁ አስፋልት ነው። እንግዲህ በመንገድ ዳር የሠፈረውን ሰው ሥርዓት የለሽ እያሉ መውቀስ ታሪኩን አለማወቅ ነው።

ነገር ግን መንገዱ የሰጠውን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ የታሰበውን ማየት ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ክላረንስ ፔሪ የተባለው አሜሪካዊ ለኒውዮርክ አካባቢ ጥናት ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ አንድ ሰፈር በምን ያህል ስፋት መሠራት እንዳለበት ሲወስን መለኪያ ያደረገው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ነው። ሕፃኑ ትልቅ መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ ትምህርት ቤቱ መድረስ አለበት፤ ርቀቱም ሩብ ማይል ማለት 400 ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ተላላፊ መኪና የሚበዛበት ዋና ጎዳና የሰፈሩ ወሰን ይሁን እንጂ በመካከሉ አይለፍ። በዚያው ዘመን ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት በኒው ጀርሲ ራድበርንን ሲሠሩ እግረኛው ከመኪና ጋር እንዳይገናኝ የተለየ መተላለፊያ አበጁለት። ሐሳቡ ወደ አገራችንም መጥቶአል፤ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ለአዲስ አበባ ባቀረቡት ማስተር ፕላን ከተማዪቱን በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ለመክፈል አስበው ነበር።

ፔሪ የተናገረውን በመርሳ ላይ ብናስቀምጠው ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ለእርሱ አጥር የነበረው ትልቅ መንገድ በመርሳ አከርካሪ ነው። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት፣ እናቱ ገበያ፣ አባቱ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ከከባድ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ መሄድ ወይም መንገዱን ማቋረጥ አለባቸው። ከጊራና በኩል ሽንኩርት ተሸክማ የምትመጣ አንዲት ሴት ከሁሉ የሚያስፈራት ምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ ሸክሟ አንገቷን ስለሚይዘው ከኋላዋ የሚመጣውን መኪና ዘወር ብላ ማየት አለመቻሏ መሆኑን ነገረችኝ። መንገድ ሲሠራ የሚቆጠረው መኪና ነው፤ የዚህች ሴት አንገት በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ አላየሁም።

ለዚህ ምክንያት የሆነው አንዱ ነገር የሥራ ክፍፍል ይመስለኛል። በ1937 ዓ. ም. በወጣው በ74ኛው አዋጅ ማዘጋጃ ቤቶች በሕግ ሲቋቋሙ የከተማው መንገድና ንጽሕና ለእነርሱ ተሰጠ። አውራ ጎዳናው ግን የመንግሥቱ ነበረ፤ ዛሬም በፌዴራሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። መሐንዲሱ የሚያስበው ከአዲስ አበባ መቀሌ ስለሚደርሰው መኪና ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስበው ስለ ቦታና ስለ ግብር ነው። በአስፋልቱ ጠርዝና በሱቁ ደፍ መካከል ያለችው ጥቂት ክንድ መሬት የማን ናት ቢባል መልስ የሚሰጥ አይገኝም። እግረኛው የሚሄደው ግን በእርሷ ላይ ነው። እርሷም ብትሆን የድንች ጆንያ፣ የቆመ ባጃጅና የጎርፍ ቦይ ይሻሙባታል።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ አሰጣጥ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የወጣው 47ኛው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። የአዋጁን ጥቅምና ጉዳት ሌሎች በሰፊው ስለ ጻፉበት እኔ አልገባበትም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው፣ አንድ ቤት ከገበያና ከውኃ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ቤት ውሳኔ መሆኑ ነው። በ1986 ዓ. ም. የተጀመረውና በ1994 እና በ2004 ዓ. ም. በታደሱት አዋጆች የጸናው የሊዝ ሥርዓት ደግሞ በውሳኔው ላይ ዋጋ ጨመረበት። ለመንገድና ለገበያ የቀረበ ቦታ ውድ ነው፤ የራቀው ርካሽ ነው።

ይህ የሚያስከትለውን ነገር ለመረዳት የአሜሪካኑን የከተማ ዳርቻ ከእኛው ጋር ማስተያየት ይበቃል። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 እንደ ተጀመረችው እንደ ሌቪታውን ያሉት የዳርቻ ሰፈሮች ሲሠሩ፣ ወደ ዳር የሚወጣው መኪና ያለው ሰው ነበር። እዚያ ያሉ ሊቃውንት ዛሬ የሚያዝኑት፣ ያ ሰው መኪናውን ትቶ ልራመድ ቢል የሚራመድበት ስፍራ በማጣቱ ነው። በእኛ ከተሞች ወደ ዳር የሚወጣው መኪና የሌለው ነው። መኪና ያለው በመካከል ይኖራል፤ የሚራመደው ሩቅ ይኖራል። የአሜሪካኑ ዳርቻ መራመድን የረሳ ሰፈር ነው ቢባል፣ የእኛው ሌላ ነገር የማያውቁ እግረኞች የሚኖሩበት፣ ነገር ግን እንደ ባለመኪና ሰፈር የተዘረጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ መድኃኒት ማዘዝ ስሕተት ይመስለኛል።

ወልድያን ብናይ ይህ ግልጽ ይሆናል። በ1987 ዓ. ም. የሕዝብ ቈጠራ የከተማዪቱ ሕዝብ ከ24 ሺህ በላይ ነበረ፤ በ1999 ዓ. ም. ቈጠራ ከ46 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2004 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ2009 ዓ. ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተጠራው ስታዲየም ተመረቀ። ይህን ሁሉ ሕዝብ አሮጌው ዳገት ሊይዘው አይችልም። ከተማዪቱ ወደ ሜዳው፣ ወደ መቻሬ በኩልና በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተዘረጋች። አዲሶቹ ቦታዎች በቀጥታ ተሸንሽነዋል፤ ጎዳናዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ በካርታ ላይ ሲታዩ ያምራሉ። ነገር ግን ወፍጮ ቤት፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ከቤቱ ጋር አብረው አልሄዱም። ሰፊው ጎዳና በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ ገና አልበቀለበትም። ኗሪው ወደ መሐል ለመውረድ ባጃጅ ይይዛል፤ ገንዘብ በሌለው ቀን ይራመዳል። ለአንድ ሰው ጥቂት ብር የሚመስለው ክፍያ አራት ልጅ ላለው ቤት በወሩ መጨረሻ ሲደመር የእህል ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል፣ የአዲሱን ሰፈር ኑሮ ያቀናው ፕላኑ ሳይሆን ሰዉ ራሱ መሆኑን መናገር ይገባኛል። ዕድር ይቋቋማል፤ ዕድር ሲቋቋም ለቀስተኛ የሚያልፍበት መንገድ ይስተካከላል፤ ሬሳ የሚወጣበት መንገድ አይዘጋምና። በዚህ ዓይነት ጓሮ ለጓሮ የሚያገናኙ የእግር መተላለፊያዎች በፕላኑ ላይ ሳይኖሩ ይፈጠራሉ። የሚያሳዝነው፣ ቦታው በኋላ ሲለካና ሲታጠር መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚሁ መተላለፊያዎች መሆናቸው ነው። በወረቀት ላይ ስለሌሉ እንዳልነበሩ ይቈጠራሉ። እግረኛውም አጥሩን ዞሮ ወደ አስፋልቱ ይወጣል።

ለመርሳ የሚቀርበው የተለመደ መድኃኒት አውራ ጎዳናው ከከተማዪቱ ውጭ ዞሮ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አስብ ነበር። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። ሻይ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ ፍራፍሬ በመሶብ ይዛ አውቶቡስ የምትጠብቀዋ ልጅም የሚኖሩት በአላፊ አግዳሚው ነው። ታሪኩ እንዳሳየን የየጁ ሰው መንገድን ተከትሎ የሚሰፍር ነው፤ መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ሱቆቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተከትለውት ይወጣሉ፤ አሮጌው መስመር በሁለት መስመር ይተካል እንጂ ነገሩ አይለወጥም። በ2007 ዓ. ም. ሥራው የተጀመረው ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድም አገልግሎት በሚሰጥበት ቀን ሰዉን ወደ ጣቢያው መሳቡ አይቀርም።

ስለዚህ መንገዱን ከማራቅ ይልቅ ከተማዪቱን ማወፈር የሚሻል ይመስለኛል። መርሳ ረጅምና ቀጭን ናት፤ ከአስፋልቱ ኋላ በሁለቱም ወገን ከእርሱ ጋር ትይዩ የሆነ አንዳንድ የእግረኛና የጋሪ መንገድ ብታገኝ፣ ልጁ ትምህርት ቤቱን፣ እናቲቱ ገበያዋን ያለ አውራ ጎዳና ሊያገኙ ይችላሉ። ሱቁ ፊቱን ወደ መኪናው፣ ቤቱ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ ያደርጋል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ኮብልስቶን የማንጠፍ ሥራም በየከተማው ለወጣቱ እንጀራ ሆኖ ታይቶአል። አስቸጋሪው ነገር እርሻውን የሚያጣው ገበሬ ካሣ ነው፤ በጓሮ ያለው የመስኖ መሬት ጥሩ ስለ ሆነ ማንም በቀላሉ አይለቀውም፤ እንዲለቅም መገደድ የለበትም። በዚህ ነጥብ ላይ የሕግ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቼ ከእኔ የተሻለ ሊጽፉ ይችላሉ።

ገንዘቡና ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን አሁኑኑ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። በሀብሩ መንገድ ዳር በር ወደ አስፋልቱ ብቻ የሚከፈት ትምህርት ቤት ካለ፣ በጓሮው በኩል ሌላ በር ማውጣት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ግንበኛ፣ አንድ አናጢና የሁለት ቀን ሥራ ነው።